የእትዬ ዘይነባ እንትፍታ

ተሰማ ከባድ መኪናውን ከነተሳቢው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ሞተር ሳያጠፋ የሚወርድ ሾፌር ወይ ቸኩሏል፣ ወይ የሚናገረው ነገር ከብዶታል። ተሰማን ያህል ሰው፣ የአሰብን መንገድ ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰ፣ ድምፁ ከሞተሩ የሚበልጥ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን ሲጠመዝዝ ሳየው የያዝኩትን ፋሻ አስቀመጥኩ።

«እትዬ ዘይነባ አረፉ» አለኝ። «ማክሰኞ ሎጊያ ቀበርናቸው።»

መርዶ የተነገረው ሰው «መቼ ታመሙ? ማን ነበር አጠገባቸው?» ይላል። «ነፍስ ይማር» ይላል። ከእኔ አፍ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ተሰማ፣ እኔ ከሎጊያ ከወጣሁ በኋላ እንትፍ ሲሉብህ ግንባርህ ይረጥብ ነበር?»

አፈጠጠብኝ። አእምሮዬን የሳትኩ ሳይመስለው አልቀረም። ከዚያ ፊቱ ትንሽ ፈካ አለና «እንዴታ! ምራቃቸው እኮ ተመልሶላቸው ነበር። እንደ ድሮው እያራሱ ነው የሸኙን።» አለኝ።

ምስኪን! የሚያጽናና ወሬ የነገረኝ መስሎታል። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ለምን እንዲያ ብዬ እንደጠየቅኩት ለማስረዳት እትዬ ዘይነባን ከሥር ከመሠረቱ መናገር አለብኝ።

ዛሬ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ሰመራ የሚባል ከተማ ያያል። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ሰመራ ነፋስና ጥቁር ድንጋይ ነበር። ከተማ ብለን የምንኮራው በሎጊያ ነው። ሎጊያ ደግሞ ምንድን ነበረች? ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች፣ ሁለት ጋራዥ፣ ነዳጅ ማደያ፣ እኔ ብቻዬን የምሠራባት አንዲት ክፍል ክሊኒክና የእትዬ ዘይነባ ምግብ ቤት። እኔ ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነቅዬ የመጣሁ ድሬሰር ነበርኩ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ ዶክተር የሌለበት አገር ስለሆነ ሁሉም ሀኪም ይለኛል። እትዬ ዘይነባ ግን ሀኪም ብለውኝ አያውቁም። «መርፌው» ነው የሚሉኝ።

የወሎ ሰው ናቸው፣ ከባቲ ወዲያ። አጭር፣ ደንዳና፣ ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ አውርደው የሚያስሩ። ጭልፋ ከእጃቸው አይለይም፤ ሲቆጡ የበሩን መቃን በጭልፋ ይመታሉ፣ ሲደሰቱም ይመታሉ፣ ስለዚህ ከውጭ ሆኖ የሚሰማ ሰው ሊገባ ይሁን ሊሸሽ አያውቅም። ከእሳቸው ቤት አንድ ሕግ ነበር፦ ከመንገድ የመጣ ሰው ውሃ ሳይጠጣ አይናገርም። ከአሰብ የመጣ ሾፌር «መንገዱ እንዲህ ሆኖ...» ብሎ ገና ሲጀምር «ጠጣ!» ይሉታል። «ወሬህ አይሸሽም። ጉሮሮህን አርጥብና ታወራለህ።» እሱ ሲጠጣ ቆመው ያዩታል፤ ጣሳው ሲያልቅ «አሁን በል» ይላሉ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል። የሰውን ሁሉ አፍ ሲያረጥቡ የኖሩ ሴትዮ ነበሩ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው ሙስሊም፤ ሥጋቸውን አልበላም። ይህን ገና በመጣሁ በመጀመሪያው ቀን ሳልናገር አውቀው አንዲት ትንሽ የሽሮ ድስት ለብቻ አወጡልኝ። «የመርፌው ድስት» ትባል ነበር። አንድ ቀን አንድ ወታደር በዚያች ድስት ውስጥ ጭልፋ ሲከት አግኝተውት ያወረዱበትን የስድብ ዓይነት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የገዛ እናቴ እንደዚያ ተሟግታልኝ አታውቅም።

ልጃቸው ሙሄ ይባላል፤ አንድ ልጅ ነው። እኔ ሎጊያ ከመድረሴ በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። ሁለት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

መኪኖቹ ያኔ ወደ አሰብ የሚወርዱት በኮንቮይ ነበር፤ ወታደር ከፊት፣ ወታደር ከኋላ። ኮንቮዩ በሚነሳበት ጠዋት ሾፌሮቹ ሞተር አስነስተው ሲያበቁ አንድ በአንድ እትዬ ዘይነባ በር ላይ ይሰለፋሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም ቆቡን አውልቆ ጎንበስ ይላል። እሳቸው አጭር ናቸው፣ እሱ በደንብ ዝቅ ማለት አለበት። ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይይዙና «አላህ ከፊትህ ይቅደም። ዓይንህን ከእንቅልፍ፣ ጎማህን ከስለት፣ ልብህን ከድንጋጤ ይጠብቅልህ። ወጥተህ አትቅር። እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!» ይሉታል። ምራቁ ግንባሩ ላይ ያርፋል። ማንም አይጠርገውም፤ ነፋሱ ያደርቀዋል። ዘመናዊ ነኝ የሚለው የኮንቮዩ መቶ አለቃ እንኳን ሰዓቱን እያየ ቆሞ ይጠብቃል።

እኔ ጅሉ ደግሞ ምን አደረግሁ? ገና በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ይህን አየሁና ደነገጥኩ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት በቅርቡ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ በየት በየት እንደሚተላለፍ በቃሌ እወጣዋለሁ። ካርቶን ቀድጄ በትልልቅ ፊደል «መትፋት ክልክል ነው፤ ምራቅ በሽታ ያስተላልፋል» ብዬ ጻፍኩና በምግብ ቤታቸው መቃን ላይ ለጠፍኩት። እትዬ ዘይነባ ማንበብ አይችሉም። ተሰማ አነበበላቸው።

«ማነው ነቀርሳ ያለበት? እኔ?» አሉኝ።

«አላልኩም። ግን ለጥንቃቄ ይቅርብን፣ እትዬ።»

«አክታና ምራቅ አንድ ነው እንዴ? አክታ ከደዌ ነው የሚመጣ። ምራቅ የሚመጣ ከአንጀት ነው።»

«ኧረ ከአንጀት አይደለም! አፍ ውስጥ እጢ አለ፣ ምራቅ የሚያመነጨው...»

«ያንተ ከእጢ ይሆናላ!»

ሾፌሮቹ በሳቅ አለቁ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። እትዬ ዘይነባ ካርቶኑን አልቀደዱትም፤ ገልብጠው የውሃ በርሜል መክደኛ አደረጉት። ከዚያ «ና፣ ጎንበስ በል። አንተንም ልመርቅህ፣ የሰው አገር ሰው ነህ» አሉኝ። «እኔን አይትፉብኝ» አልኳቸው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ፤ ወዲያው ግን በጭልፋው መቃኑን መቱና «ይቀመጥልሃል። አንድ ቀን ቆብህን ራስህ አውልቀህ ትመጣለህ፣ ወላሂ!» አሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ በሎጊያ ያልተመረቅኩ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግትርነት ይሉሃል ይሄ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ምስር ሲለቅሙ አጠገባቸው ተቀምጬ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ሾፌር ለምን በፀሐይ ቆመው ይሸኛሉ? ዘመድዎ አይደሉ» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

«ሙሄን አሁን የሚያየው ማነው? እኔ አይደለሁም። የሆነ አገር፣ የሆነች እናት በሯ ላይ ቆማ ሲያልፍ ታየዋለች። እኔ እዚህ የሰውን ልጅ ዝም ብዬ ካሳለፍኩ እሷ የኔን ለምን ትመርቃለች? እኔ የሷን እሸኛለሁ፣ እሷ የኔን ትሸኛለች። አላህ መሀል ላይ ሆኖ ያያል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ነቀርሳ አንስቼባቸው አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት፣ የረመዳን ጾም እንደተፈታ፣ ምድጃ አጠገብ ራሳቸውን አዞራቸውና መቃኑን ይዘው ቆሙ። ደማቸውን ለካሁ። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። በተሰማ መኪና ደሴ ድረስ ሄደው ሐኪም አያቸውና ደም ብዛት ነው ተባሉ፤ ነጭ ክኒን ታዘዘላቸው፤ ጠዋትና ማታ፣ ሳይቋረጥ። ከዚያ ወዲህ ክኒኑን በየወሩ የምሰጣቸው እኔ ነበርኩ። «አንድ ቀን ቢያልፍዎት ደሙ ጭንቅላትዎ ላይ ይወጣና ይጥልዎታል» ብዬ አስፈራርቻቸዋለሁ። እንደሳቸው ለመድኃኒት የሚታዘዝ በሽተኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ቢስሚላህ ብለው ይውጡታል፣ አልሐምዱሊላህ ብለው ውሃ ያስከትላሉ።

መጀመሪያ የተበላሸው ወጡ ነው። ጨው በዛበት። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ተሰማ ዓይኑ እንባ እስኪያቅር ጎረሰና «ሀኪም፣ አሰብ ወርደን የምንጭነውን ጨው እትዬ ቀድመው ድስት ውስጥ ጨመሩት» አለኝ በሹክሹክታ። ሲነገራቸው ራሳቸው ቀምሰው «አልጫ ነው እኮ! ምን ታወራላችሁ?» አሉ። ከዚያ ዳቦ ተዉ፤ ሻይ ውስጥ ካልነከሩት አልዋጥ አላቸው። ጆግ ሙሉ ውሃ ከአጠገባቸው አይጠፋም፤ በየሁለት ቃሉ ፉት ይላሉ። ሲናገሩ ምላሳቸው ላንቃቸው ላይ እየተጣበቀ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። ያ የነገር ጎተራ የነበረ አፍ ዝም ማለት ጀመረ።

ዛሬ እኔም አርጅቼ ክኒን እውጣለሁና አውቀዋለሁ። ጥጥ የጎረሱ ይመስል ሲነጋ ምላስን ከላንቃ ማላቀቅ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን ወጣት ነበርኩ፤ ደግሞም ሎጊያ ነው ያለነው! አፉ የማይደርቅ ማን አለ? ሙቀቱ ነው አልኩ። «ውሃ ይጠጡ» ብዬ ዞርኩ። የአፍ ድርቀት በዚያ አገር ማን ዘንድ በሽታ ተብሎ ይቆጠራል?

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ። ኮንቮይ የሚነሳበት ቀን ነው። ተሰማ እንደ ልማዱ ፊት መጥቶ ጎንበስ አለ። ጭንቅላቱን ያዙ፣ መረቁት፣ «ወጥተህ አትቅር» አሉ። «እንትፍ» አሉ። ምንም የለም፤ ትንፋሽ ብቻ። ደገሙ። ጉንጫቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ ከየትም ለመሰብሰብ ሲታገሉ አያለሁ። ሦስተኛው ድምፅ እንኳ አልወጣውም። በሻሻቸው ጫፍ የተሰማን ግንባር ጠረጉት፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረውም። «ሂድ» አሉትና ወደ ውስጥ ገቡ። ከተሰማ ኋላ የተሰለፉት ሾፌሮች ቆባቸውን እንደያዙ ተያዩ። መቶ አለቃው ፊሽካ ነፋ። እንዲሁ ሄዱ።

ስገባ ከውሃው በርሜል ኋላ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«በረካዬን ወሰደው» አሉኝ።

«ማን?»

«አላህ ነዋ። ምራቄን ወሰደው። ልጄን ሲወስድ አብሮ ወሰደው።» ውሃ ፉት አሉ፤ አለበለዚያ ቃሉ አይወጣም። «ሙሄ ሞቷል፣ መርፌው። ሙሄ ከሞተ የኔ እንትፍታ ለማን ይሆናል? ለዚህ ነው የደረቀብኝ። ደብቄው ቆየሁ እንጂ ካወቅሁ ቆይቻለሁ።»

አንጀቴን በሉኝ። ምን ብዬ እንደማጽናናቸው ጠፋኝና ሥራዬ የሆነውን ነገር ጠየቅኩ፦ «ከመቼ ጀምሮ ነው የደረቀብዎት?»

«ጾሙ ከተፈታ ወዲህ።»

አፋቸውን እንዲከፍቱ አደረግሁ። ምላሳቸው ክረምት እንዳጣ መሬት ተሰነጣጥቋል። ተነስቼ በዚያ ሐሩር ወደ ክሊኒኬ ሮጥኩ፤ የትምህርት ቤት ደብተሬን ከሳጥን አወጣሁ። የክኒኑ ስም ሥር በገዛ ጽሕፈቴ እንዲህ የሚል ነበር፦ «አፍ ያደርቃል፤ በተለይ በዕድሜ በገፉ።» ጽፌዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ አልፌበታለሁ፣ ረስቼዋለሁ።

ደብተሩን ይዤ እየሮጥኩ ተመለስኩ። «ክኒኑ ነው! እትዬ፣ ክኒኑ ነው ያደረቀው!»

«አንብብልኝ።»

አነበብኩላቸው። «ድገመው» አሉ። ደገምኩ። ሦስተኛ ጊዜ አስነበቡኝና በጣታቸው ጽሑፉን ነኩት።

«እንግዲያ ሙሄ አልሞተም?»

«እሱን እኔ አላውቅም፣ እትዬ። ምራቅዎ ግን የሄደው በእኔ ክኒን ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ መጀመሪያ ደረቅ፣ በኋላ ከሆድ። እያለቀሱ ሳቁ። «አንተ ነህ እንጂ አላህ አይደለም! አልሐምዱሊላህ! በካርቶን ለጥፈህ አልሆን ቢልህ በክኒን አደረቅኸኝ አይደል? አንተ ሸረኛ!» ጭልፋውን አንስተው መቃኑን ሳይሆን ትከሻዬን መቱኝ። እንደዚያ ቀን ተመትቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬው መንገዱን ሁሉ አዳረሰው። ሾፌሮቹ ከአዋሽ በኩል ሎሚ በዘንቢል ያመጡ ጀመር። መፋቂያ አስለመድኳቸው፤ እያኘኩ ሲቆዩ ዳቦ መዋጥ ቻሉ። የወጡን ጨው ተሰማ ወይም እኔ ቀምሰን እንነግራቸዋለን። ለመብላትና ለማውራት የሚሆን እርጥበት መጣ። አንድ ጠዋት ደግሞ ኮንቮዩ ሊነሳ ሲል ሎሚ ሰንጥቄ ሰጠኋቸው፤ መጠጡት፣ ፊታቸው ተጨማደደ፣ አፋቸው ምራቅ ሞላ። ተሰማ ዘሎ መጥቶ ጎንበስ አለ። «በሉ እትዬ፣ አሁን!» ብሎ ሰልፈኛው ሁሉ ጮኸ።

እትዬ ዘይነባ ዋጡት።

«ይሄ የሎሚ ምራቅ ነው» አሉ። «ሎሚ ልጅ ወልዶ ያውቃል? ሎሚ ምን ብሎ ይመርቃል?»

ቢባሉ ቢሠሩ እምቢ አሉ። የሚመርቁበት ምራቅ የራሳቸው መሆን አለበት። በዚያው ሰሞን ክኒኑን እንዳቆምላቸው ለመኑኝ። ደሴ ለሐኪሙ በሾፌር ደብዳቤ ላክሁ፤ ሌላ መድኃኒት የለም፣ እሱኑ ይቀጥሉ የሚል መልስ መጣ። መልሱን ስነግራቸው «እንግዲያ ይቅርብኝ፣ እንደ ፈጠረኝ ልሁን» አሉ። ያኔ የተናገርኩትን አልረሳውም።

«እሺ፣ ይተዉት። ይወድቃሉ። ሙሄ ሲመለስ በሩን ማን ይከፍትለታል?»

ክኒኑን መዳፋቸው ላይ እያገላበጡ አዩት። «አንተ ክፉ ነህ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። ክኒኑንም ዋጡት።

ከዚያ በኋላ ምርቃታቸው ደረቅ ሆነ። በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ግንባር ይዳስሳሉ፣ ቃሉን ሁሉ ይላሉ፤ እንትፍ የሚለው ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ጭንቅላቱን ይለቃሉ። ሾፌሮቹ ለሳቸው ሲሉ እንዳልጎደለባቸው ሆነው ይሄዱ ነበር። እሳቸው ግን የመጨረሻው መኪና አቧራ እስኪጠፋ ቆመው ያያሉ። ደማቸው ደህና ነበር፤ በየሳምንቱ እለካለሁ፣ ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ። ፊታቸውን የሚለካ መሣሪያ ቢኖረኝ ምን እንደምጽፍ እንጃ።

ዓመት ሳይሞላ ወደ አዋሽ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። አርብ ዕለት ነገርኳቸው፤ የሚመጣው ቅዳሜ በተሰማ መኪና እንደምሄድ። በጣታቸው ቆጠሩ። «ስምንት ቀን» አሉ። ለስንቅ ዳቦ ቆሎ ለማዘጋጀት የሚቆጥሩ መሰለኝ።

ያን ሳምንት እትዬ ዘይነባ ወደ ጥንታቸው ተመለሱ። ጨዋታው መጣ፣ ስድቡ መጣ፣ ወጡ እኛ ሳንቀምስላቸው የጨው ልኩን አገኘ። ጆጉ ሳይነካ ይውላል። ሐሙስ ዕለት ደረቅ ዳቦ እየገመጡ ስለ ሙሄ ልጅነት ሲያወሩኝ አመሹ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ምን አሰብኩ? እንዳይከፋኝ ብለው ደስተኛ መስለው የሚታዩ መሰለኝ። የደም መለኪያውን ለሚተካኝ ሰው አሽጌ አስቀምጫለሁ፤ ለመለካትም አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ሞተር አስነስቶ ቆመ። ሄድኩ። ቆቤን አወለቅሁ፤ ማንም ሳያዝዘኝ።

«አላልኩህም?» አሉ።

«ብለውኛል። ይመርቁኝ፣ እትዬ።»

ጎንበስ አልኩ። ሸካራ እጃቸው ጭንቅላቴን ከሁለት ጎን ያዘኝ። «አላህ ከፊትህ ይቅደም። እጅህ ድውይ ያንሳ። የሰው አገር ሰው አትሁን፣ የደረስክበት አገርህ ይሁን። ከሰው አፍ ከሰው ዓይን ይጠብቅህ። እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!»

ረጠብኩ። ከግንባሬ ወርዶ ቅንድቤ ላይ ሲደርስ ተሰማኝ። እኔ ያ የካርቶኑ ጸሐፊ፣ አልጠረግሁትም። ጆሮዬ ጥግ «የሎሚ አይደለም» አሉኝ። ሳቅሁ። ጉልበታቸውን ስሜ መኪናው ላይ ወጣሁ። ምራቁ ከየት እንደመጣ ግን አላሰብኩም።

ሚሌ ኬላ ስንደርስ ተሰማ አየኝና «ሀኪም፣ ግንባርህ ላይ ጭቃ ተለጥፏል» ብሎ ሳቀብኝ። ነካሁት። የመንገዱ አቧራ እርጥቡ ላይ ቦክቶ ደርቋል። በዚያ ጠብታ ዝናብ በሌለበት አገር ጭቃ ከየት መጣ? ጣቴን እያየሁ ነበር ነገሩ የገባኝ። ስምንት ቀን። ዳቦው፣ ጨዋታው፣ ጨው ልኩን ያገኘው ወጥ። ስምንት ቀን ክኒን አልዋጡም።

«አቁም! ተሰማ፣ መልሰኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ኮንቮይ ላይ ነን እኮ! ማን ያዞረኛል?» አለ። እውነቱን ነው፤ ከኋላችን ወታደር አለ። እዚያው ኬላ ላይ ወደ ሎጊያ ለሚመለስ አንድ ሾፌር ብጣሽ ወረቀት ጽፌ ሰጠሁ፦ ክኒኑን ዛሬውኑ ይጀምሩ፣ ስለ ሙሄ ብለው ይጀምሩ። ወረቀቱን ራሱ እንዲያነብላቸው አስማልኩት። መልሱ በአፍ አዋሽ ድረስ መጣልኝ፦ «እየዋጥኩ ነው፣ አብሽር በለው።» አመንኩ። ለማመን ስለፈለግሁ አመንኩ። ሦስት ወር አላፊ አግዳሚውን «እትዬ እንዴት ናቸው?» እላለሁ፣ «ደህና ናቸው» ይሉኛል። ያቺን አንዲት ጥያቄ ግን አልጠየቅሁም፤ ተሰማ መርዶ ይዞልኝ እስኪመጣ ድረስ።

መቼም በዚያ ጠዋት ሾፌሮቹ አይተዋቸዋል። እኔን ሲያረጥቡ ካዩ በኋላ ሌላው ቆቡን አውልቆ ሲመጣ ምን ብለው ይመልሱት? ክኒኑን እንደተዉት ቀሩ። በልቤ ስንት ጊዜ ተቆጥቻቸዋለሁ። ስንት ጊዜ «ምነው እትዬ! እኔ ሳልመረቅ ብሄድ ምን ነበረበት?» ብያለሁ። እስከ ዛሬ መልሳቸው በጆሮዬ የለም፤ የጭልፋው ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ናፍቀውኛል። ምንም ሌላ ቃል የለውም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወታደሩ በየመንገዱ ወደየቤቱ ተበተነ። አዋሽም በእግር፣ በባቡር፣ በጭነት መኪና የሚመጣው በዛ። ከነዚህ አንዱ እግሩ ቆስሎ ክሊኒኬ ገባ፤ የከሳ፣ ደንዳና አጥንት ያለው ሰው። ቁስሉን አጥቤ ከጨረስኩ በኋላ ለካርዱ ስሙን ጠየቅኩት።

«ሙሄ» አለኝ።

«ወዴት ነህ?»

«ሎጊያ። እናቴ ምግብ ቤት አላት።»

መሞታቸውን አልሰማም ነበር። ቁጭ አድርጌ ውሃ ሰጠሁት፤ ሳይጠጣ እንዳይናገር አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ያንን ሕግ ያውቀዋል። ጠጣ። ከዚያ ነገርኩት። ባዶውን ጣሳ በሁለት እጁ እንደያዘ «እንግዲህ ብሄድ በሩን ማን ይከፍትልኛል?» አለ።

የኔው ቃል ነው። ስለ ክኒኑና ስለ ስምንቱ ቀን ነገርኩት፤ ይፍረድብኝ ብዬ። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። የአሰብ መኪና ጥሩንባ ሲነፋ ተነሳ። ሎጊያ ሄጄ መቃብሯን ልይ አለ።

«ቆብህን አውልቅ» አልኩት።

ግድግዳዬ ላይ «መትፋት ክልክል ነው» የሚል የመንግሥት ወረቀት ተለጥፏል። ከሥሩ ቆመን ጭንቅላቱን በሁለት እጄ ያዝሁ። እሳቸው የሚሉትን፣ እንደሚሉት አድርጌ አልኩ፤ አንድ ቃል አልጣልኩም። «ወጥተህ አትቅር» አልኩ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ አፌ እርጥብ ነበር። ሦስት ጊዜ እንትፍ አልኩበት፤ ግንባሩ ረጠበ፣ ወደ ቅንድቡም ወረደ።

«የሎሚ አይደለም» አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ግን አልጠረገውም።